ግራር ሥር የተሠራው መሠዊያ

በደጋ ሰው ሥራው ወዳለበት ይሄዳል። እዚህ አዋሽ ግን ሥራው ነው ጥላ ወዳለበት የሚሄደው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየጎተተ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ተሸክሞ ከጥላው ጋር ሲዞሩ ይውላሉ። የእኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ እንኳ አዳራሽ ተጀምሮ ዛፍ ሥር የሚያልቅበት ቀን ብዙ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ባይጻፍም። ከወሎ ተዛውሬ የመጣሁ ሰሞን በዚህ እስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም መጀመሪያ ጥላ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ግንበኛው ጌታነህ ያደረገውን ስነግራችሁ ቶሎ አትፍረዱበት። ከቤቴ አጠገብ ያለችው አሮጌ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋን ነፋስ ከወሰደው ቆይቷል። ምእመናኑ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም፤ ቅዳሴያቸውም የሚደርሰው እትዬ ማርታ ሳሎን፣ በእትዬ ማርታ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እትዬ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ምላሳቸው ሚጥሚጣ የሆነ ባልቴት ናቸው። ቅዳሴ በተቀደሰበት ጠረጴዛ ላይ ሽሮ አይቀርብም ብለው፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ። ባለቤታቸው የቤተ ክርስቲያኗን መታደስ ሳያዩ አረፉ። የእትዬ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከእውነተኛ መሠዊያ ፊት ቆመው መቁረብ።

ደግሞም ደረሰ! ጣሪያው ተመታ፣ ግድግዳው ነጣ፣ በሩም አቧራና ፍየል እንዳይገባ ጠበብ ተደርጎ ተሠራ። ጳጳሱ እሑድ መጥተው መሠዊያውን ሊቀቡ ተቀጠረ። ጌታነህም መሠዊያውን ሠራው፤ ያውም አሳምሮ። ግን የት? በዚያ አዲስ ቆርቆሮ ሥር ቀን መሥራት ዳቦ ሆኖ መጋገር ነውና፣ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር። ከታች ኮንክሪት አፈሰሰ፣ በላዩ ድንጋይ ጠርቦ ገነባ። ቅዳሜ ከሰዓት ሜትሩን ይዞ ወደ በሩ ሄደና ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። መሠዊያው በበሩ አይገባም።

«ስትሠራው በሩን አላሰብከውም?» አልኩት።

«ሞቆኝ ነበር» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ?

እትዬ ማርታ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። መሠዊያውን በመዳፋቸው ዳሰሱና «በቃ፣ ነገም ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አሉ። አንጀቴን በሉት። እኔ ኦርቶዶክስ፣ የማርያም ደብር ሰው ነኝ፤ ግን ጉልበት ሃይማኖት አይጠይቅም ብዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው መኪናቸው ሥር ተጋድመዋል፤ የት ይሁኑ ታዲያ? ከሰመራ የደረሰው ሾፌር አህመድ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ሽርጡን አጠበቀ።

«ወላሂ ስንት የተገለበጠ ተሳቢ አንስተናል፤ ይሄማ ምን ይሆናል!» አለና ጓደኞቹን ቀሰቀሰ።

ክሪካቸውን ይዘው መጡ። አህመድ «ቢስሚላህ» ብሎ የመሠዊያውን አንድ ጎን ከፍ አደረገው፤ ረዳቶቹ ከሥሩ የብረት ቱቦ አስገቡ። ጌታነህ ደግሞ ቀለሙ ያልደረቀውን የገዛ በሩን በመዶሻ ያፈርሰዋል፤ ይታያችሁ ሐዘኑ! እኛ ስንገፋ እትዬ ከፊት ሆነው «ቀኝ! ቀኝ አልኩ እኮ! ቀስ!» ይላሉ፤ ምላሳቸው ተመልሷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መሠዊያው ቦታው ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ ናቸው፤ ቀጥሎ ሰፈሩ፤ ቀጥሎም መኪኖቹ በጥሩምባ። እኔ? አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ!

እሑድ ጳጳሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቅዱሱን ዘይት በድንጋዩ ላይ አፈሰሱና በመዳፋቸው ዳር እስከ ዳር ቀቡት። በፈረሰው በር ሾፌሮቹና ግማሽ ሰፈር ቆሞ ያያል። እትዬ ማርታ ከመሠዊያው ፊት ቆመው ቆረቡ። እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ምሳ ሆነ። አንዱን ፍየል አህመድ፣ አንዱን ጌታነህ አርደው፣ ድስቱም ለየብቻ ተጣደ፤ ማዕዱ ግን አንድ ነበር። ያ የተከበረ ጠረጴዛ ግራሩ ሥር ወጥቶ፣ ግማሹ ለሙስሊሙ፣ ግማሹ ለክርስቲያኑ ተሰናዳ። እትዬ መሀል ተቀምጠው ሳህናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«እትዬ፣ ዛሬስ አልፈሩም?» አልኳቸው።

«እስከ ትናንት እግዜር ቤት አጥቶ እኔ ጋ በእንግድነት ነበር። አሁን ቤቱ ገባ» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጎረሱ።

በዚህ መሀል ፀሐይ ዞራ ደረሰችብን። ሁላችንም ተነሳን፤ ጠረጴዛውን ከነምግቡ አንስተን ወደ ጥላው ተሸከምነው።

«እሰይ» አለ ጌታነህ፣ «ይሄኛው ቀላል ነው።»