በግልጽ ንገሩኝ

ሰው አርባን ካለፈ በኋላ ስለ ራሱ አዲስ ወሬ መስማት የለበትም ባይ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ጎረቤቱ የሚለውን ሰምቶ፣ ገሚሱን አምኖ፣ ገሚሱን ክዶ ኑሮውን አደላድሏል። እኔም "ደረቅ ሰው ነህ" የሚለውን ተቀብዬ ነበር። ከወሎ እስከ ሳዑዲዋ ደርብ ያገኘኝ ሁሉ የተስማማበት ጉዳይ ስለሆነ መከራከሩ ትርፉ ድካም ነው።

የምሠራው ደርብ ላይ፣ ወደ አብሃ የሚወጡ መኪኖች ነዳጅ የሚቀዱበት ማደያ አጠገብ ባለ ባቃላ፣ ማለትም ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ውሃ፣ ብስኩትና ተምር እንሸጣለን። የማቀዝቀዣው ሞተር ጩኸት ራሴን ሊሰነጥቀው ሲደርስ ጂዛን ሄጄ ጆሮዬን ታየሁ። ሐኪሙ ጆሮዬ ደህና መሆኑን፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደህና መሆኑን ነግሮ ወደ ሌላ ሐኪም መራኝ። እኚያኛው ሱዳናዊ ሽማግሌ ደጋግመው ካመላለሱኝ፣ ስለ ልጅነቴም ጠይቀው ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ "ኦቲዝም ነው፤ አብሮህ የተወለደ ነው" አሉኝ። በዐረብኛ "ተወሑድ" ይሉታል።

ለዘሪሁን ነገርኩት። ዘሪሁን የጎንደር ልጅ ነው፤ አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንኖራለን።

"ተወሑድ ነኝ" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ሰይዶ፣ መቼ ተጠመቅህ?"

ተዋሕዶ ያልኩት መስሎታል። ካስረዳሁት በኋላ ግን ሳቁን ዋጠ። "ለአሠሪያችን፣ ለከፊሉ ትንፍሽ እንዳትል። የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ በእጁ ነው፤ በሽተኛ ነው ብሎ ወደ አገርህ ቢሸኝህስ?"

እውነቱን ነው። ዝም ማለቱም ግን ከመሸኘት አያድነኝም። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ "ይህ ተምር ጥሩ ነው?" ቢለኝ "አይደለም" ብዬው ወጥቶ ሄዷል። ከፊላችን አቡ ናስርም "ይህ ነገር ከተደገመ ኸላስ፣ ወደ አገርህ" ብሎኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ የጠየቀኝን መመለሴ ነበር።

ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ስለማመደው የሰነበትኩትን ንግግር ይዤ ወደ ከፊላችን ቀረብኩ።

"አቡ ናስር፣ እኔ ተወሑድ አለብኝ።"

"ማሻአላህ፣ ተውሒድ የሌለው ሙስሊም አለ እንዴ?"

በአላህ አንድነት ማመኔን ላበስረው የመጣሁ መስሎታል። እምነቴ ላይ ምንም ችግር እንደሌለ፣ ችግሩ ማቀዝቀዣው ላይ እንደሆነ ሳስረዳው ነገሩ ጭራሽ ተወሳሰበ። በስንት መከራ ገባው።

"እሱ የልጆች አይደለም እንዴ?"

"ልጆቹም ያድጋሉ" አልኩት።

"ታዲያ ሥራ ትችላለህ?"

"እስካሁንም ከዚሁ ጋር ነው ስሠራ የኖርኩት።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። በልቤ ሻንጣዬን ማሰር ጀመርኩ።

"ምን ላድርግልህ?" አለኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። የተለማመድኩት እስከ መባረሬ ድረስ ብቻ ነበር። እየተንተባተብኩ መጋዘን ገብቼ ዕቃ ልደርድር፣ ደንበኛውን ዘሪሁን ያስተናግድ አልኩ። ደግሞ የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩኝ፤ ዘወርዋራ ነገር አይገባኝም አልኩ።

"ዕቃ በመደርደር የሚያህልህ የለም" አለ አቡ ናስር። "ደንበኛ በማባረርም የሚያህልህ የለም። ያላ፣ ግባ።"

መጋዘኑ ጸጥ ያለ ነው። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ዘሪሁን ሲገባ በአቧራው አሳበብኩ።

ግልጽ ንግግሩን ግን እንደጠየቅሁት አገኘሁት፤ አቡ ናስር ትእዛዙን ለዘሪሁንም አስተላልፏል። በማግስቱ ገና አፌን ስከፍት "ሰይዶ፣ ስለ መኪና ባትሪ ስታወራ የማዛጋው ደክሞኝ አይደለም" አለኝ። ሻይ ሳቀርብለት "ይህን ላለመጠጣት ነው ጨጓራ አለብኝ ያልኩህ" አለ። አቡ ናስርም በበሩ ሲያልፍ ብቅ ብሎ "ስትዘፍን እዚህ ድረስ ይሰማል፤ አትዝፈን" ብሎኝ ይሄዳል። ለካስ ሰው ሁሉ ለዓመታት በጥቅሻና በሳል ብዙ ነገር ሲነግረኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሳላውቀው በደስታ ኖሬያለሁ።

ሰሞኑን አቡ ናስርን ግልጽነቱ ትንሽ ይቀነስልኝ ብዬ ልለምነው አሰብኩና ዘሪሁንን አማከርኩት።

"ተው፣ እንዳትጠይቅ" አለኝ።

"ለምን?"

"ለእኔ ተስማምቶኛል።"