የአቶ አምባዬ ይግባኝ

ተከራይ ሲከሰው ደስ የሚለው ፍጡር ይግባኝ ባይ አከራይ ብቻ ነው። ሌላው አከራይ ቧንቧ ፈሰሰ ሲሉት ስልኩን አያነሳም። ይሄኛው ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ከመቼ ጀምሮ? ማን አየ? ምስክር አለ?» ይላል። አትላንታ ውስጥ ይህን ሰው የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው።

እኔ የማውቀው ክቡር አቶ አምባዬን ነው። ከቡፎርድ ሃይዌይ ጀርባ አራት ቤት ያለው አሮጌ የጡብ ሕንፃ አላቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኤርፖርት ፓርኪንግ አውቶቡስ ነድተው የገዙት ነው። ሦስቱን አከራይተው በአራተኛው፣ ፎቅ ላይ ባለው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ውል ሲዋዋሉ ከእንግሊዝኛው ወረቀት ኋላ አንድ ገጽ በእጃቸው ይጨምራሉ፦ ጥገና ከሳምንት ካለፈ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ኪራይ ይቀንሳሉ፤ በውሳኔው ቅር ያለው ሰው ስኔልቪል ለሚኖሩት ለጋሽ ሕሩይ ይግባኝ ይላል። ማንም ሳያስገድዳቸው በራሳቸው ላይ ሕግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ውሳኔ ያለ ይግባኝ አልፎ አያውቅም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ቃለአብ የሚባለው ወጣት ተከራይ የኩሽናዬ ቧንቧ ያንጠባጥባል ብሎ ከሰሰ። አቶ አምባዬ የሻይ ብርጭቆ በማስረጃነት ይዘው ቀረቡ።

«ከጠዋት እስከ ምሳ ተደቅኖ ግማሽ አልሞላም። ይህ ላብ ነው!»

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ኮምፕሌን ካደረግኩ እኮ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሽማግሌዎች ይመዝገብልኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ አልሞላም።»

ሃያ ዶላር ቀነስንባቸው። ቀኝ እጃቸውን አንስተው «ይግባኝ!» አሉ። ብርጭቆውን በፎጣ ጠቅልለው ስኔልቪል ድረስ ወሰዱት። ተረቱ። ሲመለሱ አብሯቸው የሄደውን ቃለአብን መንገድ ላይ ምሳ ጋበዙት፤ የምሳው ሒሳብ ከተቀነሰው ኪራይ በለጠ።

ሌላዋ ተከራይ ራኬብ የቤቴ በር አይዘጋም ብላ ስትከስ «በሩ ደህና ነው፤ የጠመመው ወለሉ ነው፤ ክሱ ይስተካከል» ብለው ተከራከሩ። ወለሉንም በሩንም አስጠገንናቸው። ይግባኝ አሉ፤ ተረቱ፤ ራኬብንም ምሳ ጋበዙ። በስድስት ዓመት አሥራ አንድ ይግባኝ ጠይቀው አሥራ አንዱንም ተረትተዋል። አንድም ቀን ሲከፋቸው አላየሁም።

ባለፈው ጥር የሦስተኛዋ ተከራይ የሀፍሳ ቤት ማሞቂያ፣ ሂተሩ፣ ቆመ። ሀፍሳ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የምትኖረው ከእናቷ ከእማማ ፈትያ ጋር ነው፤ የእማማ ፈትያ ጉልበት ደግሞ ብርድ አይችልም። ቴክኒሻኑ መጥቶ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሞዴሉ አሮጌ ስለሆነ ሌላ ለማስመጣት ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለ። አቶ አምባዬ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማሞቂያ አወረዱላቸው፤ እርሱ ግን እግር እንጂ ቤት አያሞቅም። ሀፍሳ ሊቶኒያ ከተማ ሌላ ቤት አየች፤ ዕቃ ማሰር ጀመረች። በዘጠነኛው ቀን ሂተሩ ሠራ። በአሥረኛው ቀን ተቀመጥን።

«ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብለውን ነበር» አለች ሀፍሳ። «ለቅቄ እወጣለሁ ስላቸው በአንድ ቀን ተገኘ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ማግኘት አይችሉም ነበር? እናቴ ዘጠኝ ቀን ካልጋ አልወረደችም።»

«አቶ አምባዬ፣ ሞተሩ ከየት ተገኘ?» አልኳቸው።

«ተገኘ።»

«ደረሰኝ አለ?»

«የለም።»

ማስረጃ ሳይዙ ሲመጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። የወሩ ኪራይ በግማሽ እንዲቀነስ ወሰንን። ከሥሩም «አከራዩ ቸል ብለዋል» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ጽሕፈት በስተርጅና የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ለእያንዳንዱ ቃል እጠነቀቃለሁ፤ አንዴ የጻፍኩትን መሰረዝም አልወድም።

«ግማሹንም ሙሉውንም ይውሰዱት» አሉ አቶ አምባዬ። «ቸል ብሏል የሚለው ግን ይውጣልኝ። ይግባኝ።» እጃቸውን አላነሱም።

በማግስቱ ከሰዓት የውሳኔውን ግልባጭ ይዤ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ ካፖርት ለብሰው፣ የሱፍ ቆብ ደፍተው ነው። ስንነጋገር የሁለታችንም ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል። ከኋላቸው የሂተሩ ክዳን ተፈቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው።

ጎንበስ ብዬ ባዶውን ቦታ በእጄ ዳሰስኩት።

«አምባዬ፣ ምነው አልተናገርክም? ይህን ብትል እኮ እዚያው ትረታን ነበር።»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይሰማል። እማማ ፈትያ ከሰሙ ዛሬውኑ ሞተሩን አስፈትተው ይመልሱልኛል። አያውቋቸውም?»

«አንተስ?»

«ሦስት ሳምንት ምን አላት? ሰው እንጀራውን ፍለጋ ስንት ብርድ ችሏል። ብቻ ይማሉልኝ።»

«ታዲያ ይግባኙን በምን ልትረታ ነው?»

«ልረታ አይደለም። ዝም ካልኩ እውነት ይመስላል።»

ማልሁላቸው። ከዚያ ቤቴ አልሄድኩም፤ መኪናዬን ወደ ስኔልቪል አዞርኩ። ጋሽ ሕሩይ ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀበሉኝ።

«ይግባኝ ባዩ የት አለ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የመጣሁት የራሴን ውሳኔ ተቃውሜ ነው።»

«ምን አገኘህበት?»

«ቅነሳው ይጽና፤ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። ቸል ብለዋል ያልኩት ግን ስህተት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንዳየሁ እንዳይጠይቁኝ፣ ምያለሁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አቀበሉኝ።

«የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ሰርዘው።»

መስመሩን ወፈር አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ከዚያ ወደ ቡፎርድ ሃይዌይ ስመለስ በቤቴ በኩል አልፌ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዝኩ። እማማ ፈትያ እንዳያዩኝ በሕንፃው የጓሮ በር ነው የገባሁት።