ክቡር ባለብራንድ እና የተዘጋው በር

ወንድሜ በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በሩ አጠገብ ካለው መስታወት ፊት ይቆማል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ መዳፉን ግንባሩ ላይ ያሳርፍና ቀስ አድርጎ እስከ አገጩ ያወርደዋል፤ ላይ ላዩን ላቡን የሚጠርግ ይመስላል። እጁ አገጩ ስር ሲደርስ ወንድሜ የለም። በእሱ ቦታ የቆሙት ክቡር ባለብራንድ ናቸው።

ከዚያች ቅጽበት በኋላ ዳቦ ግዛ አይባሉም። ቆሻሻ ጣል አይባሉም። እናቴ አንድ ቀን ረስታ «ስትመለስ ሳሙና ይዘህ ና» ብትላቸው፣ ክቡርነታቸው ሳይዞሩ «እማዬ፣ ገብቻለሁ እኮ» አሏት። ወደ ገጸ ባህርያቸው ገብተዋል ማለታቸው ነው።

«ከገባህስ ሳሙናውን ይዘህ ውጣ» አለች እናቴ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት የለም። አንዱ ቤት የአክስት ልጅ ነው፣ ሌላው ቤት አማች ነው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ለየፎቁ አንድ አንድ የተመደበ ይመስለኛል። ትናንት አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን አብሮን ያደገ ሰው ዛሬ ብድግ ብሎ «እኔ ሰው ብቻ አይደለሁም፣ ብራንድ ነኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስቅ ለማን እንደሚስቅ አይታወቅም። ሲያዝን ፎቶ አንሺ ትፈልጉለታላችሁ።

እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ አይወጣም። ንዴቴ ሁሉ እጄ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ክቡርነታቸው የተዋናይነት ሙያ አላቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። በአንድ ትንሽ ቴአትር ቤት በር ጠባቂ ሆነው ተውነዋል። በሠርግ ትዕይንት ከኋላ የሚያጨበጭብ እንግዳ ሆነዋል። ትልቁ ሚናቸው ግን ሬሳ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ሞተው ይገኛሉ፣ እስኪዘጋ አይነሱም። ጥሩ ሬሳ ነበሩ፤ እውነቱ ይነገር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ለዚያ ሬሳ ከሱቁ ምርጡን ጨርቅ ቆርጦ ሙሉ ልብስ ሰፋ፣ ትርኢቱ በታየ ቁጥር ፊት ወንበር ላይ እየተቀመጠ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርግና «ያ የተኛው የኔ ልጅ ነው» ይል ነበር።

ቴአትር ቤቱ ሲዘጋ ክቡርነታቸው ሥራ አጥተው አልተቀመጡም። ከሬሳው ትምህርት ቀሰሙ። «ሁሉም በሚንቀሳቀስበት መድረክ ላይ የሚታየው ያልተንቀሳቀሰው ነው» ይላሉ አሁን ለሠልጣኞቻቸው። ከጫማ መሸጫው በላይ አንድ ክፍል ተከራይተው የግል ብራንድ አገነባብ በትወና ጥበብ ያስተምራሉ። ደላላ ይመጣል፣ የጥርስ ሐኪም ይመጣል፣ ፀጉር አስተካካይ ይመጣል። ሁሉም እየተነሳ በበሩ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። «ሰው ዝም ብሎ አይገባም፤ መግቢያ አለው» ይሏቸዋል።

ራሳቸውም ያስተማሩትን ይኖሩታል። አንድ ቀን አብሬያቸው ዳቦ ቤት ሄድኩ። ገቡ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ወጡ። አንገታቸውን አቃንተው እንደገና ገቡ። አሁንም ማንም። ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጡ ሲሉ ሻጯ ከባንኮኒው ጀርባ «ወንድም፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ዝንብ እያስገባህብን ነው» አለቻቸው። ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አየሽ? አስተዋለችኝ» አሉኝ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ከትምህርቶቻቸው ሁሉ ትልቁ የቁስል ትምህርት ነው። «ገጸ ባህርይ የሚፈልገው ነገር አለው፣ የሚፈራው ነገር አለው፣ ቁስል አለው። ቁስል የሌለውን ሰው ማንም አያስታውሰውም።» አንዲት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት እጇን አውጥታ፣ እየተሽኮረመመች፣ «እኔ እንኳን ቁስል የለኝም፤ ምን ላድርግ?» አለቻቸው። «እስከ ሳምንት ፈልጊ» አሏት። በሳምንቱ ከእህቷ ጋር ተጣልታ መጣች። አጨበጨቡላት። ያን ቀን ሳቄ ቆመ።

የራሳቸው ቁስል ደግሞ አባቴ ነው።

ሥልጠናው የሚጀመረው መብራት ደብዘዝ ተደርጎ ነው። ክቡርነታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ሰዉ ፀጥ ሲል ቀስ ብለው ይዞሩና፣ «ተዋናይ ልሆን ነው ባልኩበት ቀን አባቴ በሩን ዘጋብኝ፤ እኔ መጋረጃ ከፈትኩ» ይላሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ደላላው ሳይቀር መሐረብ ያወጣል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግጥም ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ቤት አይመታም፣ ምጣኔውም ያነክሳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ውሸት መሆኑ ነው። ያን ቀን እኔም ቤት ነበርኩ። ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ ተዋናይ እንደሚሆን ተናገረ። እናቴ ጮኸች። አባቴ እስኪጨርስ ሰማው፣ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ብርድ እየገባ ነበር። ወንድሜም ያለው ውስጥ ነበር! አባቴ ሲመለስ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና «ቁም እስቲ፤ ተዋናይ በተጨማደደ ኮት ሰው ፊት አይቀርብም» ብሎ ትከሻውን ለካው።

የተዘጋው በር ታሪክ በቪዲዮ ተቀርጾ በየስልኩ ገባ። ሰፈራችንም ደረሰ። አንድ ከሰዓት አባቴ ሱቅ ቁጭ ብዬ የልብስ ቁልፍ እየለየሁ ሳለ፣ የልጇን ቀሚስ እንዲያሳጥርላት የሰጠች ደንበኛ መጣች። ቀሚሱ ገና አልተነካም።

«አባባ፣ ቀሚሱን ይስጡኝ» አለች።

«ነገ ይደርሳል እኮ፣ ልጄ።»

«ይቅር። እርስዎ ነዎት አይደል ልጁን ያባረሩት?»

አባቴ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «የትኛውን?» አላት። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ጠዋት ከእኛ ጋር ቁርስ በልቶ ነው የወጣው። ሴትየዋ ቀሚሱን ከእጁ ወስዳ ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ቀሩ። የቀሩት ለምን እንደቀሩ አይናገሩም፤ ግን ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ መንገድ ይሻገራሉ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጉልበቱ አልቆ አሁን ሰው ሲለካ እንኳ ግድግዳ ይደገፋል። ከዚያ ሁሉ ድካም የተረፈው ስሙ ነበር። እሱንም ልጁ በትኬት ይሸጠዋል።

እናቴ ያን ዕለት ክቡርነታቸውን በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባትህ መቼ ነው ያባረረህ?»

«እማዬ፣ አልገባሽም። ያ አባዬ አይደለም። የገጸ ባህርዬ አባት ነው።»

«ደግ። እንግዲያው ራትህን የገጸ ባህርይህ እናት ትሥራልህ» ብላ ሳህኑን አነሳችው።

አባቴ በኋላ ስልኬን ጠይቆኝ ቪዲዮውን አየው። መነጽሩን አድርጎ፣ ሳይተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው አየው። የሚናገረው እስኪወጣው ጠበቅሁ። «ኮቱ ቀኝ ትከሻው ላይ ይጎትታል» አለ። በማግስቱ ፈትቶ አስተካከለው።

እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። በማን እንደተናደድኩም ለይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ አንድ ባንክ መጣ። ሠራተኞቹን ሁሉ ሊያሠለጥን አስቦ ነበርና፣ ክቡርነታቸው አስቀድመው በትልቅ አዳራሽ ሥልጠናቸውን እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ከወደዷቸው ሥራው የእሳቸው ነው። ክቡርነታቸው ያን ሰሞን ፊታቸውን ከመጥረግ ብዛት ቆዳቸው ቀላ። እሳቸው አያውቁም እንጂ የባንኩ የሥልጠና ኃላፊ፣ ልበ ቀና ሴት፣ አባቴ ሱቅ ደውላ ነበር። «በልጅዎ መድረክ ላይ በድንገት ቢገኙና ቢታረቁ ታሪኩ እንዴት ያምር ነበር!» አለችው።

አባቴ «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ።

«ልጄ፣ ክፉ አባት ምን ዓይነት ኮት ነው የሚለብሰው?» አለኝ።

የሚቀልድ መሰለኝ። ጥቁሩን መረጠ።

አዳራሹ ድረስ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ በልቤ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠና ነበር፦ በሩ የተዘጋው ለብርዱ ነው፣ እሱም ውስጥ ነበር። ተነስቼ ልናገር ነው። ድምፄ ቢሰበርም ልናገር ነው። ደረጃው ላይ አባቴ ቆመ። ጉልበቱ ነው ብዬ ጠበቅሁት። አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ከግንባሩ እስከ አገጩ አወረደ። ከዚያ «እንግባ» አለኝ።

ክቡርነታቸው የታወቀውን ዓረፍተ ነገር ሊሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ሳለ ኃላፊዋ ማይክ ይዛ ወጣች። «ዛሬ እንግዳ አለን» አለች። «አባትየው እዚህ አሉ!»

ወንድሜ ዞረ። እንዲያ ደም የሸሸው ፊት ሬሳ ሆኖ ሲተውን እንኳ አይቼበት አላውቅም። አባቴ ከመጀመሪያው ረድፍ ተነሳ፤ እኔም አብሬው ልነሳ ስል እጄን ተጭኖ አስቀመጠኝ። ብቻውን ወደ መድረኩ ግርጌ ሄዶ ቆመ፤ የሚደገፈው ግድግዳ አልነበረም።

«አባታችን፣ እውነት በሩን ዘግተውበታል?» አለች ኃላፊዋ፣ በርኅራኄ።

አባቴ ልጁን አየው። ልጁ ሊወድቅ ነው። አንድ ቃል፣ «ብርድ ነበር» የምትል አንድ ቃል፣ አባቴን ነጻ ታወጣዋለች፣ ልጁን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ታደርገዋለች።

«ዘግቻለሁ» አለ አባቴ።

«አባረሩት?»

«አባርሬዋለሁ። ክፉ ሰው ነበርኩ።»

አባቴ የማይረባ ተዋናይ ነው። የደንበኛ ልክ እንደሚያነብ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ክንድ እንደሚል ነው ያለው። ግን ሁሉም አመነው። ከኋላዬ አንዱ «አይ ጭካኔ!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ውርጅብኙን ቆሞ ተቀበለ፤ ሱሪው ውስጥ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር እንደያዝኩ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ክቡርነታቸው «እኔ መጋረጃ ከፈትኩ» ማለት ነበረባቸው። አላሉም።

ከባንኩ በሳምንቱ ተደወለ። «አሠልጣኙ ጥሩ ነበሩ» አለች ኃላፊዋ፤ «መጨረሻ ላይ ግን ከገጸ ባህርያቸው ወጡ።» ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቪዲዮው ከየገጹ ተነሳ። ክቡርነታቸው ለመድኃኒት ቤቷ ሴት ራሳቸው ደውለው «እህትሽን ታረቂያት፤ ያለ ቁስልም ይሠራል» አሏት። ባለቀሚሷ ደንበኛም አንድ ጠዋት ተመለሰች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ «ከጉልበት በታች ይሁን» ብላ ቀሚሱን ሰጥታ ሄደች።

ከጫማ መሸጫው በላይ ያለው ክፍል ግን አልተዘጋም። መስታወቱም ቦታው ነው፣ እጁም በየጠዋቱ ይወርዳል። ክቡርነታቸው አዲስ ቁስል እየፈለጉ ነው። እናቴ ልትሰጣቸው ቃል ገብታለች።

ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ተናድጄም ቢሆን ሳላሳየው ለአንባቢ ላወጣው አልፈለግሁም። ፊቱን ከመጥረጉ በፊት ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

«ሬሳውን ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«ጥሩ እንደነበርኩ ጽፈሻል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዳቦ ቤቱም ይሁን። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ነበር ያልሽውም...» ወረቀቱን ገለበጠ። «እሱም ይሁን። አንዷን ቦታ ብቻ ከጽሑፉ አውጪልኝ፣ እህቴ። ተዋናይ ሰው ፊት ቃሉን ረሳ ከሚባል ሬሳ ሆኜ ብቀር ይሻለኛል።»

እንዳልኩት፣ ተናድጄበታለሁ፤ ይቅር ያልኩትም አይመስለኝም። ስለዚህ ያቺን ቦታ ከጽሑፉ አላወጣኋትም።

አዳራሹ ፀጥ ብሎ ያን ዓረፍተ ነገር ሲጠብቅ ወንድሜ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ። ከዚያ የራሱን ወንበር ከመድረኩ እየጎተተ ወረደ፣ ከአባቴ ኋላ አስቀመጠው። ማይኩ ኮሌታው ላይ እንዳለ ረስቶታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰማው፣ ቤት ውስጥ በሚያወራበት፣ ምንም ባልተጠረገ ድምፁ፦

«አባዬ፣ ቁጭ በል፤ ጉልበትህን ያምሃል።»