የባል ቪዛ

በእኛ በመንዝ ትዳር ሲፈርስ እንዴት እንደሚፈርስ እናውቅበታለን። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በጉም ገብሱም ይካፈላል፣ እሱ ይሰድባል፣ እሷም ትሰድባለች፤ ከዚያ ሁለቱም እዚያው አገራቸው ላይ ይኖራሉ፤ ገበያ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ። ደስ አይልም። ግን ማንም ማንንም ከአገር አያስወጣም። አሁን የመጣብን ፍቺ ሌላ ነው። ባል «በቃኝ» ስላለ መንግሥት «ሻንጣሽን አንሺ» የሚልበት ፍቺ! ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የሰማሁት ከእህቴ ልጅ ከወይንሸት ነው።

ወይንሸት እዚህ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ዳዊት የሚባል፣ ውጭ አገር የሚኖር የደብረ ብርሃን ሰው ለፋሲካ መጥቶ አይቷት ሽማግሌ ላከ። እንግዲህ የዘንድሮ ዘመድ ስለ አማች ጠባይ አይጠይቅም፤ «ወረቀት አለው ወይ?» ነው የሚለው። አለው! በቃ፣ እልል ተባለ።

ሥራዋን ለቃ በሚስትነት ቪዛ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዳዊት ቅዳሜ ወጥቶ ሰኞ የሚመለስ ባል ሆኖ አገኘችው። ሚስት «የት ነበርክ?» ብትል ነውር ነው? ጠየቀች። መልሱ ቁጣ ሆነ። ቁጣው ሲደጋገም ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጪ፤ ቪዛሽ በእጄ ነው» የሚል ተጨመረበት። አርፋ አልተቀመጠችም። እሱም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ትዳራችን አብቅቷል ብሎ አመለከተና ቪዛዋ ተሰረዘ። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ፤ የእሷ ስም ያለበት፣ የእሷ ፎቶ ያለበት፣ በእሷ ፓስፖርት የተለጠፈ ቪዛ እንዴት አድርጎ ነው የእሱ የሚሆነው? የጀመረችውን ትምህርት እስክትጨርስ እንኳ እንዲታገሳት ለምናው ነበር። «እኔን አይመለከተኝም» አላት። ያገባት ሰው!

ተመለሰች። ዘመድ ተሰብስቦ አመሻሽ ላይ ትግባ ብሎ መከረ፤ እሷ ግን በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መናኸሪያው መሀል ከሚኒባስ ወረደች። «ሰርቄ አይደለም የመጣሁት፣ ጋሼ» አለችኝ።

ከተማው ግን ፈረደባት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የከተማው ወሬ ሁሉ በሱቄ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲለካ አፉ አይዘጋም። «ምን አድርጋ ነው የመለሷት?» ይላል አንዱ። «ባል መያዝ አትችልበትም» ትላለች ሌላዋ። ስለ ዳዊት የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድም! የምለካበትን ሜትር አንገታቸው ላይ ባጠብቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ደንበኞቼ ናቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሞላሌ አቶ ጌታነህ የሚባሉ ሰው ሙሉ ልብስ ሊያሰፉ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ወይንሸት ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክልልኛለች።

«አማችዎ የየት ሰው ነው?» አልኳቸው ትከሻቸውን እየለካሁ።

«የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ኑሮው ግን ውጭ ነው። ዳዊት ይባላል» አሉ ኮራ ብለው።

እጄ ቆመ። ስንት ዳዊት አለ ብዬ ልጽናና ስል የሚኖርበትን ከተማ ጠሩት። እሱ ራሱ ነው።

ወይንሸት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። «አባባ፣ የፊተኛዋ ሚስቱ እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ የሆነውንም ሁሉ ሳታለቅስ ነገረቻቸው። ሰውየው አዳምጠው አዳምጠው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አንቺስ ምን አድርገሽው ነው?»

ደሜ ፈላ። ጨርቃቸውን ጠቅልዬ አስታቀፍኳቸው። «ሌላ ሰፊ ይፈልጉ!» ስል ወይንሸት ክንዴን ያዘችኝ። «ተወው፣ ጋሼ። አባባ፣ ልጅዎን ብቻ ላነጋግራት» አለች። አፍረው ይሁን ሰግተው እንጃ፣ እሺ አሉ።

ሞላሌ ሄድን። ሙሽሪት ሰናይት ትባላለች፤ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ወይንሸት ስታጫውታት አንገቷን ደፍታ ሰማች። ታሪኩ ሲያልቅ ቀና አለችና፦

«እትዬ፣ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ምን ምን ይጠይቁኛል?» አለች።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንሂድ ብዬ ወይንሸትን ጠቀስኳት። እሷ ግን ምንም ሳይከፋት ትነግራት ጀመር። የት ተዋወቃችሁ ይላሉ። ከማን ጋር ነው የሚኖረው ይላሉ። የዕረፍት ቀኑን የት ነው የሚያሳልፈው ይላሉ። ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር ወይ ይላሉ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አላስችል አለኝ። «ተይ ልትያት ሄደሽ ጭራሽ መንገዱን ታሳዪያታለሽ?»

«እኔንስ ያኔ ተይ ቢሉኝ እሰማ ነበር?» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ጌታነህ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሰርጉ ቀርቷል። ለካ ልጅቷ ያን ሁሉ የጠየቀችው ለኤምባሲው አልነበረም፤ ስልክ ደውላ ቃለ መጠይቅ ያደረገችው ዳዊትን ራሱን ነው! የት እንደተዋወቁ በደንብ መለሰ። የዕረፍት ቀኑ ላይ ሲደርስ ተንተባተበ። «ከዚህ በፊት አግብተህ ነበር?» ስትለው ግን ምላሱ ሳይደናቀፍ «በሕይወቴ የመጀመሪያዬ አንቺ ነሽ» አላት።

«እንግዲያው ቪዛ ተከልክለሃል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቅልኝ» አሉኝ አቶ ጌታነህ። «ያችውልዎት፤ ራስዎ ይጠይቋት» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠየቋት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከተማው ግን አዲስ ፍርድ አወጣ፤ «የራሷ ትዳር ቢበላሽባት የሰው ልጅ ዕድል ዘጋች» ተባለ። ስለ ዳዊት አሁንም የሚጠይቅ የለም። እኔም መናደድ ሰለቸኝ፤ ሱሪ ማሳጠሬን ቀጠልኩ።

ትናንት ታዲያ አንድ ደንበኛዬ ወገቡን እየለካሁት ዳዊት ቀየት በምትባል ከተማ ለሌላ ልጅ ሽማግሌ መላኩን አጫወተኝ። ማታ ለወይንሸት ነገርኳት። እህ ትላለች፣ ትረግማለች ብዬ ጠበቅሁ።

«የቀየት ሚኒባስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለችኝ።