የወንድሜ ኪኒን

እኛ ደብረ ታቦሮች ደግነታችን ልክ የለውም። ልክ ስለሌለውም አንዳንዴ ሰው ይገድላል። ለመሆኑ ከቤታችን ጠበል ገብቶ ጎረቤት ሳይቀምሰው ያደረበት ቀን አለ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ተካፍሎ የበላውስ? ተረቱ እዚያ ላይ ዝም ይላል።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ፎገራ ወርዶ የጣሊያንን መንገድ ሲቆፍር ንዳድ ይዞት መጣ። የጉና ብርድ የማይበግረው ሰው በጠራራ ፀሐይ ጥርሱ ይፋጭ ጀመር። በበቅሎ ጭኜ ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ የሰባት ቀን ኪኒን ሰጠንና፣ እሱ ብቻ ይዋጠው፣ አንድም እንዳይቀር፣ ለሌላ የሰጠ ለሽፍቶች እንዳቀበለ ይቆጠራል ብሎ በአስተርጓሚ ነገረን። ሽፍታ የሚለው አርበኞቹን ነው፤ አፉን ይዝጋውና!

እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱስ መድኃኒት ነበር። በሦስተኛው ቀን አያሌው ተነሥቶ ራበኝ አለ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤቱም እንኳን እግዚአብሔር ማረህ ሊል ግልብጥ ብሎ መጣ። እናቴ ባዶ እጃቸውን ልትሸኛቸው ነው? ከዳነ ሰው የተረፈ በረከት ነው ብላ፣ የቀረውን ኪኒን እንደ ጠበል አዳረሰቻቸው። አንዷ ለጥርሷ፣ አንዱ ለወገቡ፣ እማሆይ ደግሞ አልታለብ ላለቻቸው ላም ወሰዱ። እኔስ ብትሉ፣ ውሃ እየቀዳሁ ጎረቤቶቹን ያስዋጥኳቸው እኔው ነኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ንዳዱ አገረሸበት፤ ያውም ከፊተኛው ብሶ። ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ሰባቱንም ቀን ውጧል ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። ምን ልበል? ለአርበኞች ያቀበለ የሚሰቀልበት፣ ገበያው መካከል የተተከለው መስቀያ ታየኝ፤ የእናቴም አንገት ታየኝ። አንድም ሳያስቀር ውጧል አልኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲያው ይህ መድኃኒት ለእሱ አይሆነውም፣ ሌላ የለኝም ብሎ አሰናበተኝ። ኪኒኑ እኮ ጠርሙስ ሙሉ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል! አንዲት እውነት ብናገር ኖሮ... ወይኔ ወንድሜን!

አያሌው ሳምንት አልሞላውም።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ ሐኪሙ ምን ብሎህ ነበር አለችኝ። አንቺ ነሽ የገደልሽው እንዴት ይባላል? እኔ ነኝ የገደልኩት ማለትስ በየት በኩል ይወጣል? እግዚአብሔር የጠራውን መድኃኒት አያስቀረውም ብሏል አልኳት። ዕንባዋን ጠርጋ፣ ለካ ጣሊያንም እግዚአብሔርን ያውቃል አለች።

ጠላት ከአገር ወጥቶ እንኳ፣ እናቴ ስትጸልይ ከአያሌው ነፍስ ቀጥላ፣ ያን ደግ ሐኪም በያለበት ጠብቀው ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ።