ሰባተኛው እጅ

ልሳነወርቅ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየ። የሕልም ወጉ ሌሊት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አድሮ ከምሳ በኋላ፣ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያየው። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። ልሳነወርቅን እንቅልፍ የነሳው ግን ሕልም ሳይሆን ያ ስብሰባ ነበር።

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ከስምጥ ሸለቆው ዳር ባለች አንዲት ከተማ (ስም ጠርቼ ከማን ጋር ልጣላ) የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ ነው። ክፍሉም ሠራተኛውም እሱ ብቻ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ቁልፉ የጠፋ የአስተያየት መስጫ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ታማኝነት ከላይ ይጀምራል» የሚል ጽሑፍ አለው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ከስሶ አያውቅም፤ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ለምን ሲሉት «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ማንም ከሱ ምንም አይጠብቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቅዳሜ ሊያስመርቅ ተዘጋጅቷል፤ ሪባኑ ሳይቀር ተገዝቷል። የውሃ ጥራት ባለሙያዋ ትርፌ ግን ውሃውን ሦስት ጊዜ መርምራ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ጻፈች፦ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ነው፣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲውል ሲያድር አጥንት ያጣምማል፣ ለመጠጥ አይሆንም። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር አስናቀ ቁጥሩን «እንድታስተካክል» ጠየቋት። እምቢ አለች። ስለዚህ በትናንቱ ግምገማ ሪፖርቷ እንዲሻር፣ እሷም ከላቦራቶሪው ተነሥታ ቆጣሪ አንባቢ እንድትሆን ሐሳብ ቀረበ። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚጸናው ሰባቱም የአመራር አባላት እጃቸውን ሲያወጡ ነው። አንድ እጅ ከጎደለ ጉዳዩ ከነምርመራ ውጤቱ ወደ ክልል ይሄዳል፤ ጉድጓዱም እስኪጣራ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል።

ሰባተኛው አባል ልሳነወርቅ ነው። ትርፌ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ተናገሩልኝ አልልዎትም» አለችው። «ቤተሰብ አለዎት፣ ጡረታዎም ሰባት ወር ነው የቀረው። እጅዎን ብቻ አያውጡ። ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት።»

«እሱማ ምን ይከብዳል የኔ ልጅ። አላወጣም። በልጆቼ ልማልልሽ?»

«አይማሉ ጋሼ። አያውጡ ብቻ።»

ከምሳ በኋላ ግምገማው ተጀመረ። ትርፌም ልትገመገም ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች። በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ ተደረደረ፤ ይህ የውሃ መሥሪያ ቤት የሚጠጣውን ውሃ ከሱቅ ነው የሚገዛው። እንደ ወጉ መጀመሪያ የተገመገሙት ኢንጂነር አስናቀ ነበሩ። አንዱ ተነሥቶ «የኢንጂነር ድክመት ለጤናቸው አለማሰባቸው ነው» አለ። ሌላው «እኔ እንዲያውም መራራ ሂስ አለኝ፤ ዕረፍት አይወስዱም» አለ። ኢንጂነር ሂሱን በጸጋ ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ ከመገባቱ በፊት ለመንደርደሪያ የሚሆን ጽሑፍ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። «ሥነ ምግባር ያለው ኅብረተሰብ የሚገነባው መሪው ራሱ አርአያ ሲሆን ነው…» ጽሑፉን የጻፈላቸው ልሳነወርቅ ነበር። የገዛ ጽሑፉ እንዴት እንቅልፍ እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ገባው። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ዓይኑንም ለአፍታ ብሎ ከደነ።

ወዲያው ራሱን ከአንዲት ጭቃ ቤት ደጃፍ አገኘው። ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አሥረው፣ በየእጃቸው ባዶ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ተራው የኢንጂነር አስናቀ ሆነ። በሩ ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት በኩል እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ አራት ወር ውሃ ያልመጣላቸው ደንበኛ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«እትዬ፣ ቅሬታዎን ልሰማ ነበር የመጣሁት» አሉ ኢንጂነር ጎንበስ ብለው።

«ሲስተም የለም» አሉ እትዬ ብርቄ። «ነገ ተመለስ።»

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ነገ ሆነ እንዴ? ደግሞስ ማመልከቻህ አልተሟላም። ሕሊናህን ዋናውንና ሁለት ኮፒ ይዘህ ና።»

ኢንጂነር ኪሳቸውን ፈተሹ። ኮፒው ነበር፤ ዋናው አልተገኘም። ከኋላ ያሉት ኃላፊዎች ሁሉ ደንግጠው የየራሳቸውን ኪስ ይዳብሱ ጀመር። ኢንጂነር ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ልሳነወርቅ ጥርሳቸውን አየ። እንደ ዛገ ቆርቆሮ በልዟል።

በዚያ አገር ውሃው በቧንቧ ወደ ላይ ነበር የሚፈሰው፤ ጥፋትም እንደ ውሃው። ዘበኛ ሲያንቀላፋ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለሥራ አስኪያጁ ነው። አንድ ተላላኪ ጉቦ ቢቀበል እጁ የሚያብጠው የመምሪያ ኃላፊው ነው። ልጅ የሚያበልዝ ውሃ ቢጠጣ የሚበልዘው የሹሙ ጥርስ ነው። ስለዚህ ሹሞቹ አዲስ ጉድጓድ ሲወጣ አንድ ዓመት ሙሉ ራሳቸው ከነሚስቶቻቸው ይጠጡታል፤ ሪባኑም የሚቆረጠው ዓመት ቆይተው ፈገግ ማለት ከቻሉ ነው። ልሳነወርቅ የገዛ ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ። ሻከረው።

ከዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። እንዴት እንደገባ አያውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቱሉ ነጭ ጋዎን ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ንብረት ያስረክባሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ጆንያዎች ቆመዋል።

«ያንተ ናቸው» አሉት ጋሽ ቱሉ። «አሥራ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ጆንያ ዝምታ። አይነቅዝም ብለህ አስቀምጥልኝ ብለኸኝ ነበር።»

በየጆንያው ላይ በከሰል ተጽፏል። አንዱ «የተሰረቀው ቧንቧ» ይላል። ሌላው «የሚስታቸው ወንድም ቅጥር» ይላል። አንዱ ላይ «በስብሰባ ላይ የተሰደበችው ጽዳት» ተብሎ ተጽፎ ስሟ ተዘሏል፤ ልሳነወርቅ ስሟን ለማስታወስ ሞከረ፣ ጠፋው።

«ፍታው እስቲ» አሉት።

የመጀመሪያውን ፈታ። እህል የሚመስል ነገር አልነበረበትም። ነቀዝ ብቻ ነበር፤ ከአፉ እስከ ታችኛው ስፌት ነቀዝ። ነቀዞቹ ሳይገፋፉ በሰልፍ ወጡ፤ እያንዳንዱም ጀርባው ላይ የልሳነወርቅን ፊርማ ተሸክሟል። ፊርማውን አልካደም ማለት አልችልም፤ ካደው። ጋሽ ቱሉ ግን መዝገቡን አሳዩት፤ ያው ነበር።

መጨረሻ ላይ ባዶ ጆንያ አፉን ከፍቶ ቆሟል። «ትርፌ» ይላል።

«ይሄስ?»

«ይሄ የዛሬው ነው።»

«ይሄ አይሞላም» አለ ልሳነወርቅ። «ቃል ገብቻለሁ።»

«እናያለን» አሉ ጋሽ ቱሉ፤ ጆንያውንም አራግፈው አቆሙት።

አዳራሹ ደግሞ መጣ። መድረክ አልነበረውም፤ በመድረኩ ቦታ ጉድጓድ ነበር። ሹመት በጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይወረዳል። የጽዳት ሠራተኞቹና ቧንቧ ጠጋኞቹ ከላይ ዳር ዳሩን ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ፤ ኢንጂነር አስናቀ ከሁሉ በታች እርጥቡ ላይ ተቀምጠዋል። ትርፌ ከላይ ነበረች። አጠገቧ ልጆች ሸንኮራ ይግጣሉ፤ ጥርሳቸው ነጭ ነው። ስብሰባውን የምትመራው አህያ ናት። ልሳነወርቅ ያውቃታል፤ ጀርባዋ የተላጠው፣ ቧንቧ ሲጠፋ ለግማሹ ከተማ ውሃ የምታመላልሰው ናት። በዚያ አገር ሰው የሚሾመው በተሸከመው ልክ ነው፤ ከእሷ የበለጠ የተሸከመ አልተገኘም።

«አንተ፣ የሥነ ምግባሩ» አለችው። «ምን ተሸክመሃል?»

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ፋይል ተሸክሜያለሁ።»

«ከየት ወዴት?»

«ከጠረጴዛ ወደ መሳቢያ።»

አህያዋ ጆሮዋን አራገበች። «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አለች። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

ኢንጂነር አስናቀ ከጉድጓዱ ግርጌ ተነሡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

«ድክመቴ ለጤናዬ ማሰቤ ነው» አሉ። «የታሸገ ውሃ የምጠጣው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ቀይሪ ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ እምቢ አለች፤ የቀሩት አርባ ሠራተኞች ግን እኔን እያዩ እሺ ማለት ለመዱ። እኔ አንድ ጊዜ ስዋሽ አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ተማረ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቤቱ ሲገባ ለልጁ አስተማረ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ አናቱ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ለማንም አልሰጥም።»

«ኧረ ይሄ አግባብ አይደለም» ብሎ የግዢ ኃላፊው ተነሣ። «ድርሻ አለኝ። ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ወንድሜ፣ ተራ ጠብቅ» አለው የዕቅድ ኃላፊው። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነው ጥፋተኛ የሆንኩት።»

ጭቅጭቅ ሆነ። የውሎ አበል እንደሚሻሙት ለጥፋቱ ተሻሙ። አንዱ የአንዱን እጅጌ እየጎተተ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ይላል። አህያዋ በኮቴዋ ወለሉን መታች።

«ሥርዓት ይኑር» አለች። «ጥፋቱን የሚጋራ እጁን ያውጣ።»

ስድስት እጆች ወጡ። አህያዋ ልሳነወርቅን አየችው። ጽዳቶቹ አዩት፣ ልጆቹም ሸንኮራቸውን ይዘው አዩት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሞላ ጀሪካን ከብዶ ተቀምጧል። ልሳነወርቅ አንድም ቀን ከሰው ቀድሞም ሆነ ከሰው ተለይቶ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የብዙኃኑን አይቶ ነው። አሁን ግን ማንም ሳይገፋው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ቀስ እያለ አነሣው። ትከሻው ጋ ሲደርስ ቀለለው። ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው።

«የኔም ጥፋት ነው» አለ።

ደስ አለው። ልጆቹ ሲወለዱም እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ስሟ ጠፍቶት የነበረው የጽዳት ሠራተኛዋ ስም ትዝ አለው፤ ዘውዲቱ ነበረች። እንባው መጣ። ትርፌ ከላይ ሆና ፈገግ አለችለት።

«ሰባት» አለች አህያዋ።

«ሰባት» አሉ ኢንጂነር አስናቀ።

ልሳነወርቅ ዓይኑን ገለጠ። መድረኩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ኢንጂነር ላይ ናቸው፣ ሱሪያቸውም ደረቅ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት እጆች ወጥተዋል። ሰባተኛው የሱ ነው። ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የወይዘሪት ትርፌ ዝውውርና የሪፖርቱ መሻር በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ ኢንጂነር። «በተለይ የሥነ ምግባር ክፍላችን ያለ ማመንታት ከፍ አድርጎ ድምፁን በመስጠቱ አርአያ ሆኗል። እንዲህ ነው አመራር።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሌሎቹ እጃቸውን አወረዱ። የልሳነወርቅ እጅ ግን እዚያው ነበር።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ያውርዱት እንጂ፤ ተቆጥሯል» አሉ ኢንጂነር፤ ሰዎቹ ሳቁ። የሁሉም ጥርስ ነጭ ነበር።

ልሳነወርቅ አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማለት የነበረበት። «ተኝቼ ነበር» ቢል ድምፁ ይሰረዛል፣ ጉዳዩ ክልል ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይዘጋል።

«አቤት? የሚጨምሩት አለ?»

አሰበ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሥነ ምግባር ሲያነቡ የሥነ ምግባር ኃላፊው ተኝቶ ነበር ብሎ በሰው ፊት መናገር ነውር መሰለው። የቀሩት ሰባት ወራትም ታዩት። እጁን አወረደ።

«ውሃ» አለ።

በሱ ፊት ያለው ጠርሙስ ባዶ ነበር። ከጠረጴዛው ጫፍ ትርፌ በፊቷ የነበረውን፣ ያልተነካውን አነሣች። ክዳኑን ራሷ ከፈተችና በሰው በሰው አቀበለችው። ቀና ብላ አላየችውም። ልሳነወርቅ ጠጣ። ጥሩ ውሃ ነበር።