ካርታ በደረት፣ ነገር በሆድ

እንደ ዘንድሮ ደብቆ መኖር የሚያደክም ነገር አለ? ዋጋ ይደበቃል፣ ዕድሜ ይደበቃል፣ ፍቅር ይደበቃል። ሰዉ ፒያሳ ላይ ደክሞት የሚሄደው ከዳገቱ ብቻ ይመስላችኋል? የያዘው ነገር ከብዶት ነው እንጂ!

የወንድሜ ልጅ ጽዮን ቸርችል ጎዳና ቢሮ ገብታ ከሠራች ወዲህ እንግሊዝኛ ከአፏ አይጠፋም። ሽማግሌ ሊላክብን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ “እትዬ፣ አደራሽን፣ ካርታሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ያዢ” አለችኝ። የምን ካርታ? ፈረንጆች ካርታ ሲጫወቱ ጎረቤት እንዳያይባቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይይዛሉ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን የማያሳይ ሰው ሁሉ እንዲያ ይባላል። ጎበዝ፣ ለዚህ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል? እኛ ነገር የምንደብቀው ሆዳችን ውስጥ ነው። ደረትማ አንድ ቁልፍ ሲፈታ ይታይ የለ!

እኔ ግን ለመደበቅ ደረቱም ሆዱም የለኝም። ልጅ ሆኜ ውቤ በረሃ ካርታ ስንጫወት፣ ጆከር ሲደርሰኝ ተነስቼ እስክስታ እመታ ነበር። በኋላማ የሚያጫውተኝም ጠፋ።

ምክሩ እንዲህ ነው። ጽዮንን ሊያገባ ሽማግሌ የሚልከው ልጅ ጨዋ ነው፤ ሥራው ግን ሀዋሳ ነው። ወንድም ጋሼ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጽዮን በቀር ሰው የለውም። ጽዮንም ልጁንም አባቷንም ትፈልጋለች። ስለዚህ ልጁ አዲስ አበባ ይኖራል ብለው ቃል እስኪገቡ ድረስ ሽማግሌዎቹ እሺ አይባሉም። እሺ ካልተባሉ በወጋችን አይቀመጡም፣ ውኃም አይቀምሱም። ሁለቴ ሦስቴ ቆመው ሲመለሱ ይለዝባሉ። የኔ ድርሻ ዝም ማለት ብቻ!

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው መጡ። ትልቁ ከዘራ ይዘዋል። ቆሙ። ወንድም ጋሼ ድምፁን አጎርንኖ፣ ዘመድ እናማክር፣ ደግሞም ሀዋሳ ሩቅ ነው አላቸው።

“ምን ሩቅ ነው? ዓሣው እንኳ ሳይበላሽ ይደርሳል” አሉ ትልቁ።

“ልጄ ዓሣ አይደለችም” አለ ወንድም ጋሼ።

ክርክሩ ረዘመ። የትልቁ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዘራቸው ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከንፈሬን ነከስኩ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ቀጭ ቀጭ። እናንተ ብትሆኑስ?

“ኧረ አባቴ፣ እኔ ልሙትልዎ ቁጭ ይበሉ! በሞቴ!” ብዬ ወንበር አስጠጋሁላቸው። በሞቴ ተብሎ ማን እንቢ ይላል? ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለው ዱብ ዱብ አሉና፣ “ተፈቀደልን! እግዜር ይስጥልን!” ብለው ምርቃቱን ያዘንቡት ጀመር። ምርቃት ስሰማ ደግሞ አፌ የኔ አይደለም፤ እልልታውን አቀለጥኩት። ከጎረቤት ጋር ግድግዳችን አንድ ነው፤ መንደሩ በሙሉ “እንኳን ደስ ያላችሁ” እያለ በሩን ሞላው።

ወንድም ጋሼ እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ “እሺ” አለ። እንደዚያ የደከመ እሺ ሰምቼ አላውቅም።

ልሸኛቸው እስከ ድልድዩ ወረድኩ። ታክሲ ሲመጣ ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ጎረምሶቹን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ዘለው የፊቱን ወንበር ያዙ።

ጽዮን ሀዋሳ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። ወንድም ጋሼ እሁድ እሁድ እኔ ጋ ምሳ ይበላል። አልተቀየመኝም፤ “ምን ታደርጊ፣ ሰውዬው ቆመው ሊሞቱብን ነበር እኮ” ይለኛል። ከዚያ ሁልጊዜ፣ “ለመሆኑ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ?” ብሎ ይጠይቀኛል።

“እግዜር ይማራቸው” እላለሁ፤ ወጥ እጨምርለታለሁ።